ከባላው በታች

በስልኬ ላይ የሁለት ቦታ አየር አለ። አንዱ የምኖርበት የሎስ አንጀለስ ነው። ሌላው ከተወለድኩበት ሸለቆ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ የምትርቅ ከተማ ናት። የእኛ ሸለቆ ስልኩ ውስጥ ስለሌለ ልጄ የምትቀርበውን ፈልጋ አስገባችልኝ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሁለቱንም አያለሁ፤ መጀመሪያ የዚያን፣ ቀጥሎ የዚህን። ልጄ ይህን ስታይ «ማሚ፣ ዝናቡ አንቺ ስላየሽው አይቆምም እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስላላየሁትም ግን አይቆምም።

ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኋላው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ልጄ ሀይዌይ ላይ ስትወጣ ደርሻለሁ እስክትለኝ ድረስ አልቀመጥም። የምድጃውን መዘጋት ለማየት ከደረጃው ግማሽ እመለሳለሁ። እዚህ የሰደድ እሳቱ በተነሳበት ሰሞን ጭሱ ገና ከሩቅ ተራራ ላይ ሳለ ወረቀቶቻችንን በላስቲክ ጠቅልዬ በሩ ሥር አስቀምጬ፣ ለሁለት ሳምንት በላያቸው እየተሻገርን ስንገባ ስንወጣ ከረምን። አገር ቤት ላለው ወንድሜም እንዲሁ ነኝ። ደመና ደጋው ላይ ካየህ ወንዙን አትሻገር፣ መብረቅ ሲመታ ዛፍ ሥር አትቁም፣ በሬዎቹን ከታች አትሰር። እሱ ስልኩን ሲያነሳ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ደግሞ ምን መጣ?» ይለኛል። ስቆ ነው የሚለው። ቢሆንም ይለኛል።

ባለፈው የካቲት እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ በአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆሜ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ባልድዊን ሂልስ የምትኖር አንዲት አሮጊት እረዳለሁ፤ አርፍጄ እንዳላስጠብቃት ሁልጊዜ ቀድሜ ነው የምወጣው። ውሃው የመንገዱን ጠርዝ ሞልቶ የወረቀት ኩባያና ቅጠል እየነዳ ይወርዳል። ሰዉ ዘሎ ይሻገራል። እኔ ግን ዓይኔ ጠርዙ ላይ ነበር፤ ምን ያህል ቀረው፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ። ይህን ማንም እዚህ አገር አላስተማረኝም፤ ከዚያው ይዤው የመጣሁት ነው።

በዚያ መሀል ወንድሜ አንድ ጊዜ ደውሎ ዘጋ። መልሼ ደወልኩለት። ደስ ብሎታል።

«እታለም፣ ለእማ ቤት ልሠራላት ነው» አለኝ። «ከታች፣ መንገዱ ዳር።»

አሮጌው ቤታችን ያለው ተዳፋቱ ላይ ነው። እናቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ከታች ውሃ ቀድታ ስትወጣ ሦስት ጊዜ አርፋ ነው የምትደርሰው። አሁን የቧንቧው ውሃም ጤና ኬላውም መንገዱም ከታች ነው። ወንድሜ ያሰበው ጥሩ ነገር ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ የታየኝ እርሻችን ዳር የቆመው የሾላ ዛፍ ነው።

«ከሾላው ምን ያህል ይርቃል?» አልኩት።

«ከሾላው ጀርባ ነው። አትፍሪ፤ የአባባን ምልክት ይዤ ነው የምሠራው።»

አውቶቡሱ መጣ። የሚያረካ ነገር ሳልመልስለት ተሰናበትኩትና ገባሁ። እዚያች ደቂቃ ላይ መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ሁለት ወር አለፈ።

ስለ ሸለቆው ልናገር። ወንዛችን ከደጋ ይወርድና እኛ ዘንድ ሲደርስ ሆዱ ይሰፋል፤ ከዚያ በታች ሁለት ገደል ተጠጋግተው ጠባብ በር ይሆኑበታል። ደህና ክረምት ሲሆን ቀልቶ ይመጣና ቀልቶ ያልፋል። በክፉ ዓመት ግን ከላይ የነቀለው ዛፍና ድንጋይ ጠባቡ በር ላይ ይሰነቀራል። ያኔ ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛል። ጎርፍ ሲባል ሰው ግርግር ይመስለዋል። የእኛው ዝም ብሎ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ የሚያውቁት ዶሮዎቹ ናቸው፤ ከቆጥ አንወርድም ይላሉ። ከዚያ የማሽላው እግር ይጠፋል፣ ከዚያ ወገቡ። ሰው ልጁንና እህሉን ተሸክሞ ተዳፋቱን ይወጣና ከላይ ሆኖ እርሻው ሐይቅ ሲሆን ያያል።

ውሃ ብቻ አልነበረም የሚመጣብን። ማሽላው ሲያብብ በረዶ የወረደበት ዓመት ትዝ ይለኛል። በግድግዳው ጥላ ሥር ተከምሮ ሁለት ቀን ሳይቀልጥ ቆየ። እኛ ልጆቹ እያነሳን በላን፤ ጣፋጭ መስሎን። እናቴ አገዳው ራሱን ተመትቶ መቆሙን አይታ ታለቅሳለች፤ እኛም እሷን አይተን እያለቀስን እንበላለን። ዝናብ የጠፋበትም ዓመት ነበር። ወንዙ አሸዋው ሥር ተደበቀ፤ ጉድጓድ እየማስን ጠብታ እስኪጠራቀም ቅል ይዘን ተራ እንጠብቅ ነበር። እናቴ ከኔ በኋላ ሁለት ወልዳ፣ አንዱን ያን ጊዜ አንዷን በሌላ ጊዜ አጣቻቸው። ወንድሜ ዘግይቶ የመጣ የመጨረሻ ልጅ ነው። በመካከላችን ያለው አሥራ አንድ ዓመት ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

ሾላው የቆመው እርሻችን ዳር ነበር። ውሃው ተኝቶ ሲሸሽ ግንዱ ላይ የጭቃ መስመር ይተዋል። ጭቃው ደርቆ ሳይረግፍ ልክ መስመሩ ላይ በምሳር አግድም ይጠረባል። ይህ የእኛ ቤት ሥራ ነበር፤ ዛፉ እኛ ዘንድ ስላለ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ የእኛ ቤት ሰው ነው የሚጠርበው። ከምልክቶቹ ሁሉ ከፍ ካለው በታች ማንም ቤት አይሠራም፣ የእህል ጉድጓድ አይምስም። ሰው ጎጆ ሊቀልስ ሲያስብ አባቴን ይጠራቸዋል። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ግን በአውራ ጣታቸው እያንዳንዱን ጠባሳ እየዳሰሱ ይሄ የአያቴ ነው፣ ይሄ እኔ ሳላገባ ነው፣ ይሄ በሬዎቹ ያለቁበት ነው ይሉ ነበር። ሰዉም ተመልሶ ሄዶ እሳቸው ባሉት ይሠራል። ቃላቸው ላይ የተከራከረ አላየሁም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ወንድሜን ወለደች። አራስ ቤት ሳለች አባቴን ወባ ጣላቸው። በዚያው ሳምንት ውሃው መጣ። እኛ ተዳፋቱ ላይ ስለሆንን ቤታችን አልደረሰም፤ እናቴ ከመደቧ፣ አባቴ ከተኙበት ቁርበት ሳይነሱ ነው መጥቶ የሄደው። ሸለቆው ውስጥ እንደዚያ ያለ ውሃ አይተው የማያውቁ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየጠሩ ሲጮሁ ከደጃፋችን ይሰማ ነበር።

ውሃው በሸሸ በሦስተኛው ቀን አባቴ እየተንቀጠቀጡ ምሳሯን ሰጡኝ። «ጭቃው ሳይደርቅ ሂጂ። መስመሩን ባየሽበት ላይ፣ ከላዩም ከታቹም ሳይሆን» አሉኝ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዚያው ዓመት ትምህርቴም አበቃ። እንደ ትልቅ ሰው ስለተላኩ ኮርቼ ነው የወረድኩት።

ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይውጠኝ ነበር። ሾላው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ መስመሩን ፈለግኩ። የለም። ግንዱ በሙሉ ጭቃ ነው። ወደ ላይ ወደ ላይ ሳይ ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበት ባላ ዘንድ ደረስኩ፤ መስመሩ ከዚያ በላይ ነበር። ባላው ውስጥ የሰው ቀንበር ተሰንቅሯል። ውሃው ከላይ ከማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ በሬ የሌለበት ቀንበር በሁለቱ ቅርንጫፎች መሀል አግድም ተቀርቅሮ ቀርቷል። በቀንበሩ ላይ እባብ ተጠምጥሟል። ያም ውሃው ያመጣው ነው፤ እንደኔው መውረጃ ያጣ።

መስመሩ ላይ ለመድረስ ባላው ላይ መውጣት አለብኝ። አልወጣሁም። ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜ እጄ እስከደረሰበት ተንጠራርቼ እዚያ ጠረብኩ። በደንብ ነው የጠረብኩት፤ ጥልቅና ቀጥ ያለ። ቦታው ብቻ ነው ውሸት።

ቤት ስገባ አባቴ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ከባላው በላይ ነው በታች?» አሉኝ።

«በታች» አልኩ።

ተሽሏቸው በዱላ እየተደገፉ ሲወርዱ ሌላ ዝናብ ጭቃውን አጥቦት ነበር። ምልክቱን አዩት፤ ዱላቸው ላይ እንደተደገፉ ወደ ባላው ቀና አላሉም፣ ቀንበሩን ያየ ሌላ ሰውም የቤታችንን ምልክት አልተጠራጠረም። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ አንድ ጥፊ ነበር፤ ምናልባትም አይመቱኝም ነበር። አልተናገርኩም። የኔ ምልክት እንዲያም ሆኖ ከቀደሙት ሁሉ ይበልጥ ስለነበር የሸለቆው ትልቁ ምልክት እሱ ሆነ። አባቴ አለፉ። ያን ውሃ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ አለፉ። ምልክቱ ቀረ። ወንድሜ ያን ዓመት የተወለደ ነው፤ የአባባ ምልክት እያለ አደገ።

እንግዲህ እናቴን ሊያስገባት የነበረው ከእውነተኛው መስመር በታች ነው።

መጋቢት ላይ ደውሎ ሥራውን ሲነግረኝ እንዴት እንደለካ አስረዳኝ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ረጅም የላስቲክ ቱቦ በውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ የሾላው ምልክት ላይ፣ ሌላውን መሠረቱ ላይ አድርጎ ውሃ ልኩን አወጣ። የበሩን ደፍ ከዚያ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ሠራ። «አንቺን ብዬ ነው ክንዱን የጨመርኩት» አለኝ። ሳቀ። እኔ በልቤ ስቆጥር ነበር። ከኔ ምልክት እስከ ባላው በአባቴ ክንድ ሦስት ይሆናል፣ ምናልባትም ሦስት ተኩል። መስመሩ ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር።

«ትንሽ ብትጨምርበትስ?» አልኩት።

«እታለም፣ ቤት ነው የምሠራው፤ ማማ አይደለም።»

ሌላ ቀንም ሞከርኩ። ወንዙ ዘንድሮ ይከፋል እየተባለ ነው አልኩት። ማን አለ ሲለኝ ስልኩ አልኩት። ውሸት አልነበረም ሙሉ በሙሉ፤ እውነትም አልነበረም። እሱም እንደለመደው እሺ እሺ ብሎ ተወኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለማይመጣው ነገር ሁሉ ስጮህ ኖሬ፣ የሚመጣው ሲመጣ ድምፄ ያው የድሮው ሆኖ ተሰማው።

አንድ ተስፋ ነበረችኝ። ዛፉ ከዚያ ወዲህ አድጓል። ምልክቱም አብሮ ወደ ላይ ሄዶ፣ ዛሬ እውነተኛው ቦታ ላይ ደርሶ ቢሆንስ? ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም ከሚሸጠው ሱቅ ፊት ለፊት ዘወትር የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። አገር ቤት ደን ጥበቃ ነበሩ፤ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ። በርበሬ ልገዛ ስሄድ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ዛፍ ሲያድግ ግንዱ ላይ ያለ ጠባሳ አብሮ ከፍ ይላል?»

ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንቺ ደግሞ አሁን ለዛፉም መጨነቅ ጀመርሽ?»

«እንዲያው ነው።»

«አይልም» አሉኝ። «ዛፍ የሚረዝመው በጫፉ ነው። ግንዱ ላይ ሚስማር ብትመቺ ልጅሽ አርጅታ ስትመጣ እዚያው ታገኘዋለች። ካገኘችው ነው እንግዲህ፤ እየወፈረ ይውጠዋል እንጂ ወደ ላይ አይወስደውም።»

አመስግኛቸው ሄድኩ። በርበሬውን ሳልገዛ መመለሴን ያወቅኩት ቤት ደርሼ ነው።

በዚያ ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡሱ በሲሚንቶ የተሠራውን የውሃ መውረጃ ሲሻገር አንድ ነገር አየሁ። ለዓመታት ያለፍኩበት ድልድይ ነው። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ውሃው የት እንደደረሰ የሚታይበት። አንድ ሰው በገመድ ወርዶ፣ ሜትር ይዞ፣ በቦታ በቦታው ጽፎታል። የማያውቃቸው ሰዎች እንዲያምኑት ነው የጻፈው። አሮጊቷ ዘንድ ስደርስ ቁርሷን አብልቼ፣ ልብሷን ለውጬ፣ ቴሌቪዥኗን ከፈትኩላትና በጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ለወንድሜ ደወልኩ። እዚያ ሊመሽ ሲል ነው፤ ከብቶቹን እያስገባ ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። ድንጋዩን፣ እባቡን፣ «በታች» ማለቴን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ስለ መብረቅ ነገርሽኝ፣ እሺ አልኩ» አለኝ። «ስለ ወንዙ ነገርሽኝ፣ እሺ አልኩ። አሁን እኔን ለማስፈራራት የሞተውን አባቴን ምልክት ውሸት ነው ትይኛለሽ?»

«የአባባ አይደለም። የኔ ነው።»

«ሰው ሁሉ በሱ ነው የሠራው፣ እታለም።»

«አውቃለሁ።»

ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብደውል አያነሳም። አልፈርድበትም። ፈሪ መሆኔን ያውቃል፤ ዋሾ መሆኔን አያውቅም ነበር። የትኛውን ይመን?

ልጄ ፊቴን አይታ አልለቀቀችኝም። ቅዳሜ ሺፍት አልነበራትም፤ ማእድ ቤት አስቀምጣ ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገርኳት። ለሷም ነግሬያት አላውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ሶ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

«ማሚ፣ ኪድ ነበርሽ እኮ።»

ውሃው ዕድሜ አይጠይቅም አልኳት። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ ውሃው እዚያ ድረስ መድረሱን የሚያሳይ ፕሩፍ የሚሆን ነገር የለም ወይ አለችኝ። ጭቃው በዚያው ክረምት ታጥቧል አልኳት። እባቡም ሄዷል። ይህን እያልኩ ሳለሁ የጋሼ ቃል ትዝ አለኝ። እየወፈረ ይውጠዋል። ቀንበሩን ከባላው ማንም ሲያወጣው አላየሁም። የማይታወቅ ሰው ቀንበር ነው፤ ባለቤቱ በጎርፉ ሞቶ ይሆናል ተብሎ በኛ አገር እንዲህ ያለውን ማንም አይነካም። ቀንበር ደግሞ ሰው ዛፍ ላይ አይሰቅልም። ውሃ ካልሆነ ማን እዚያ ላይ ያደርሰዋል?

ወንድሜ የፋሲካ ዕለት ስልኩን አነሳ። በዓል ስለሆነ ነው ያነሳው። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልንና ለእማ ስጠኝ አልኩት። እናቴ ስልክ ስትይዝ ከጆሮዋ አርቃ ነው፤ እየጮህኩ ነው የተናዘዝኩት። ጎረቤቶቼ አማርኛ ባለማወቃቸው ተመስገን አልኩ።

ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እባቡ ነበር።

«እባቡ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

«ጥቁር ነው። ሆዱ ቢጫ።»

«እና ለምን አልነገርሽንም? ለእባብ ማን ይቆጣል?»

ስለ ቀንበሩ ስነግራት ግን ቶሎ ገባት። ስልኩን ሳትዘጋ ወንድሜን «ተነስ፣ ነገ ጠዋት ሾላው ላይ ትወጣለህ» ስትለው ሰማሁ። እሱ አንድ ነገር አጉረመረመ። «እህትህን ብለህ ሳይሆን እኔን ብለህ ውጣ» አለችው።

በማግስቱ እሱ ራሱ ደወለ። ደውሎ መዝጋት ነበር ልማዱ፤ ያን ቀን እስካነሳ ጠበቀ።

«አንድ ስንዝር ያህል ወጥቶ ይታያል» አለኝ። «ሌላውን ዛፉ ውጦታል። ቀንበር ነው።»

«ውሃ ልኩን ወሰድክ?»

«ወሰድኩ። ከመስኮቱ ደፍ በላይ ነው።»

ግድግዳው ቆሟል። ቆርቆሮው ተመትቷል። በሩ በዚያው ሳምንት ነው የተገጠመው፤ እናቴ ሰማያዊ ይቀባ ብላ ሰማያዊ ቀብተውታል። ለሰኔ ትገባለች ተብሎ ነበር።

«ምነው መሠረቱን ሳልጥል ብትነግሪኝ» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

የየካቲቱን ዝናብ አሰብኩ፤ ታዛው ሥር የቆምኩበትን። ያኔ ለነበርኳት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እናቴም ልጄም አዝነውላታል። እዚያ ታዛ ሥር የቆመችው ግን ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ከእባብ ጋር አይደለም የተፋጠጠችው። አፍራ ነው ዝም ያለችው። ጥፋተኛ ነኝ አልኩት። እሺ አለ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይበል።

እናቴ አልገባችም። ተዳፋቱ ላይ በአሮጌው ቤቷ ከረመች። ወንድሜ አዲሱ ቤት ውስጥ ገለባ ከመረበት። በሾላው ላይ ወጥቶ ከቀንበሩ በላይ አዲስ ምልክት ጠረበ፤ ከዚያ የሸለቆውን ሰው ጠርቶ አሳየ። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አልጠየቅኩትም። እህቴ ዋሸች ብሎ ይሆናል፤ ወይም አባቴ ተሳሳቱ ብሎ ይሆናል። ሁለተኛውን ብሎ ከሆነ ከመጀመሪያው ይከብደኛል። የኔን ምልክት ፍቆ ሊያጠፋው ሲል እናቴ ከለከለችው። «ተወው፤ ያን ጊዜ ልጄ ምን ያህል ቁመት እንደነበራት ነው የሚያሳየኝ» አለችው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ ሲነግረኝ ድምፁ ትንሽ ላላ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌን በሙሉ ስልኬ ላይ የማያት ያቺ ከተማ በየቀኑ ዝናብ ነበረባት። በየጠዋቱ ከአሮጊቷ ቤት ደረጃ ላይ እደውላለሁ። ውሃው የት ደረሰ እላለሁ። የሾላው ሥር ድረስ፣ ይለኛል። በማግስቱም ሥሩ ድረስ። ነሐሴም እንዲሁ ሄደ። ወንዙ ቀልቶ መጣ፣ ቀልቶ አለፈ። ገበያ ላይ ሰዎች ወንድሜን ገለባው እንዴት ነው፣ አዲሱ ቤት ተስማማው ወይ እያሉ ይቀልዱበታል አሉ። አዲሱን ምልክት አይተው ከታች ያላቸውን ጎተራ ወደ ላይ ያወጡ ሁለት ሦስት ቤቶች አሉ። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው።

አንድ ክፉ ነገር ልናገር። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ስከፍት የዝናቡ ምልክት ጠፍቶ ፀሐይ አየሁ፤ ከፋኝ። ለአንድ አፍታ ውሃው እንዲመጣ ፈልጌ ነበር። ሰው እንዳይነካ ብቻ፤ ባዶውን ቤት እስከ መስኮቱ ሞልቶ፣ ጭቃውን ግድግዳው ላይ ትቶ እንዲሄድ፣ ወንድሜም እንዲያየው። እናት ሆኜ፣ ከዚያ አገር ወጥቼ፣ እንዲህ ተመኘሁ። ወዲያው አማተብኩ። የአሮጊቷን ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ፤ ያጣጠፍኩትን ደግሜ ዘርግቼ አጣጠፍኩ።

እናቴ አሁንም ውሃዋን ከታች ቀድታ ትወጣለች። ሦስት ጊዜ የነበረው ማረፊያዋ አራት ሆኗል። አራተኛው አዲሱ ቤት ደጃፍ ነው፤ ጄሪካኗን አስቀምጣ ሰማያዊው በር ሥር ትቀመጣለች። መስከረም ሲጠባ ስደውልላት እዚያ ተቀምጣ ነበር። ትንፋሿ ሳይመለስላት ነው ያናገረችኝ።

«ወንድምሽ ለገለባ የሚያምር ቤት ሠራለት» አለችኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እማ።»

«በሩ ግን ጥሩ ሰማያዊ ነው።» ትንሽ አረፈች። «ለሚመጣው በጋ ያፈርሰውና ከላይ፣ ከእኛ ቤት ጎን ይተክለዋል። ቆርቆሮውም በሩም ይወጣል። ድንጋዩ ነው የሚያደክመው።»

ማን እንደሚያወጣው ጠየቅኳት። ወንድምሽ ነው፣ ሌላ ማን አለ፣ አለችኝ። ከዚያ እኔ በየጠዋቱ የምጠይቀውን ቀድማ ጠየቀችኝ፤ እዚያ እናንተ ዘንድ ዘነበ ወይ አለችኝ። አልዘነበም አልኳት። ሰማዩ ምን ይመስላል አለችኝ። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀና ብዬ አይቼ ነገርኳት፤ ደመና የለም፣ ከባሕሩ በኩል ብቻ ቀጭን ነገር አለ፣ ምንም አያመጣም። ያየሁትን ብቻ ነው የነገርኳት፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም። እሺ፣ አለች፤ ጄሪካኗን ስታነሳ ተሰማኝ፤ መውጣት ጀመረች።